መንገድ ላይ ሐላል የሚል የለም

አባቴ የተወጋ ዕለት አሸንፎ ነበር እያልኩ ለሰባት ዓመት ለሰማኝም ላልሰማኝም ሳወራ ኖሬአለሁ። መዋሸቴ አልነበረም። በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ድሉን ያወጅኩት እኔ ነኝ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ድምፄ ግን ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

አባቴን ኖርሙሮድ ፖልቮን ይሉታል። ፖልቮን የሚባለው በኩራሽ ትግል ስም ያወጣ ሰው ነው፤ በእኛ በሱርኻን ሸለቆ ደግሞ ይህ ስም ከሹመትም ከዲግሪም ይበልጣል። አባቴ ሥራው የመንደሩን ዱቄት ወፍጮ መጠገን ነበር። የሶቪየት ስም ከወፍጮው በር ላይ ገና ያልተፋቀበት ዘመን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከወፍጮው ጀርባ ገለባ በተነሰነሰበት ለስላሳ አፈር ላይ ጎረምሶችን ትግል ያስተምራል። ሴት ልጅ ሜዳው ውስጥ አትገባም። አጥር ላይ መቀመጥን የከለከለ ግን ስላልነበረ፣ እኔ ከአጥሩ ላይ አልጠፋም።

ሕጉን ከማንበቤ በፊት አውቀዋለሁ። ሁለቱ ታጋዮች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። ከዚያ አንዱ የሌላውን መቀነት ይይዛል። ከመቀነት በታች መንካት ነውር ነው። የአንዱ ጀርባ፣ ሁለቱም ትከሻው፣ አፈር የነካ እንደሆነ ዳኛው እጁን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ «ሐላል!» ብሎ ይጮኻል። ንጹሕ ነው ማለቱ ነው። በዚህች ቃል ሁሉ ነገር ያበቃል። አሸናፊው ይለቅቃል፣ ይቆማል፣ የወደቀውን በቀኝ እጁ ስቦ ያነሣዋል፣ ይተቃቀፋሉ። አባቴ ከመጣሉ ይልቅ አጥብቆ የሚያስተምረው ይሄንን ማንሣቱን ነበር።

«መጣልማ በሬም ይጥላል» ይላቸዋል። «ሐላል ሲባል እጅህ ከጆሮህ ቀድሞ መከፈት አለበት። አስበህ ከለቀቅህ ገና አልተማርክም ማለት ነው።»

መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ያስደግማቸዋል። እሱ ራሱ ሐላል ይላል፣ እጆች ይከፈታሉ። ይላል፣ ይከፈታሉ።

አንድ ሐሙስ ከተማሪዎቹ አንዱ ዓይኑ አብጦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» አለው አባቴ።

«አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሦስት ሆነው መጡብኝ። ግን አንዱን ጣልኩት እኮ፣ ኖርሙሮድ አካ! በጀርባው!» አካ በእኛ አገር ጋሼ እንደማለት ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ላነሣው ጎንበስ ስል ሁለቱ ረገጡኝ።»

ጎረምሶቹ በሣቅ ፈረሱ። አባቴ አልሣቀም። ሁሉንም አፈሩ ላይ አስቀመጣቸው።

«ስሙኝ። የመንገድ ጠብ ትግል አይደለም። መንገድ ላይ መቀነት የለም፣ ገለባ የለም፣ ሁለት ሰው ብቻም የለም። መንገድ ላይ ሐላል የሚል የለም። የሚል ከሌለ ጠቡ አያልቅም፤ ጠቡ ካላለቀ የሚያልቀው ሰው ነው። ሩጡ። ፖልቮን ሮጠ ቢሏችሁ ይበሏችሁ።»

እኔም አጥሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ግን በስምንት ዓመት ጆሮ ነው የሰማሁት። ለእኔ የመንገድ ጠብ አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረችበት፦ ዳኛ። ዳኛ ቢገኝለት የሚስተካከል ነገር መሰለኝ። ለበዓልና ለሠርግ ትግል ዳኛችን የመንደሩ ሁሉ አያት የሆኑት ሐምሮ ቦቦ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል፣ በየመንገዱ እየዞሩ አይደርሱም። ስለዚህ እኔ እለማመድ ጀመር። የጎረቤት አውራ ዶሮዎች ሲጣሉ አጠገባቸው ቆሜ፣ እጄን ቀጥ አድርጌ «ሐላል!» እላለሁ። ዶሮዎቹ አይሰሙም። እኔ ግን ከሳምንት ሳምንት ድምፄ እየጠራ ሄደ።

ሚያዝያ በእኛ አገር የሐር ትል ወር ነው። መንግሥት በየቤቱ ትል ያድላል፤ ሰው ትልቁን ክፍሉን ለትሎቹ ይለቅና እሱ ማድ ቤት ይከትታል። ትሎቹ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ሲበሉ ጣሪያ ላይ ካፊያ የሚወርድ ይመስላል። እናቴ ኦይሱሉቭ በዚያ ወር በሹክሹክታ ነው የምትናገረው።

«ትል ጩኸት አይወድም» ትለኛለች። «ይደነግጥና መብላት ይተዋል። መጮህ ካማረሽ ውጪ!»

በዚያን ቀንም ልትጮኺ ነው ብላ አስወጥታኝ፣ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። የሰፈሩ ቦይ ውኃ በተራ ነው የሚደርሰን፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የእኛ ተራ ነበር። ውኃው ግን ጥቂት መጣና ቆመ። አባቴ ከሽንኩርቱ መደብ ቀና ብሎ ደረቀውን ቦይ አየ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። እናቴ ቅጠል እንደታቀፈች በር ላይ ብቅ ብላ፣ እንደ ልማዷ በእኔ ስም ጠራችው።

«የሳኖባር አባት፣ ቶሊብ ይሆናል የዘጋው። እባክህ አፍ እንዳትካፈት። ያ ልጅ ሰሞኑን ልኩ አይደለም።»

ልኩ አይደለም ስትል ሸሚዙ ጠቦት መሰለኝ። ኋላ እንደሰማሁት የቶሊብ ትሎች በሙሉ በአንድ ሳምንት በበሽታ አልቀውበት ነበር፤ ሚስቱም ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች። ያን ጊዜ ይህን ማን ይነግረኛል? አባቴን ተከትዬ ወጣሁ። «ተመለሽ» አለኝ አንዴ። አልተመለስኩም። ሁለተኛ አላለኝም።

ቶሊብ ከእኛ አራት ግቢ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሚኖር የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ስንደርስ ቦዩን በጭቃና በድንጋይ ዘግቶ ውኃውን ወደ ወይኑ መልሶታል። እሱም ወይኑ ሥር ቆሞ ደረቅ ሐረግ ይከረክማል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ ቅጠል ሊቆርጥ ወጥቷል።

«ቶሊብ፣ ወንድሜ» አለው አባቴ፣ «ተራው የእኛ ነው። ሽንኩርቱ ሊደርቅብኝ ነው።»

«የእኔ ወይንስ ይድረቅ?»

«ያንተ ትናንት ነበር።»

«ትናንት ውኃው እንደ ክር ነበር፣ ኖርሙሮድ አካ። ፖልቮን ስለሆንክ ወፍራሙ ለአንተ፣ ቀጭኑ ለእኛ ነው?»

«ተው፣ በደግ እንነጋገር። ልጄ አብራኝ ናት።»

«አሃ! እንድታይህ ነዋ ያመጣሃት!» ብሎ ቶሊብ ወደ መንገዱ ወጣ። «በል አሳያት! በመቀነት የምትጨፍሩትን አሳያት!»

ብቻውን ቢሆን አባቴ ይመለስ ነበር። ጎረምሶቹን ሩጡ ያለ ሰው ነው። ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ እጅጌውን ይዛ፣ ዓይኗን በልጥጣ፣ አሁንስ ጉድ ሊታይ ነው ብላ እየጠበቀች እንዴት አድርጎ ይሮጣል? ቶሊብ ደረቱን ገፋው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው አባቴ ዶማውን ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመው። ሰው እንዳይጎዳ ስለቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወደ ቶሊብ ዞሮ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ አለ።

አባቴ ጎንበስ እንዳለ ቶሊብ አፉን በቡጢ መታው።

ተናደድኩ። ቶሊብ ሕጉን የማያውቅ ያልተማረ ሰው መሰለኝ። «አባዬ፣ ሰላምታውን አላወቀም! ንገረው!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ትግል አልመሰለኝም። የአባቴ እጅ መቀነት ይፈልጋል፤ ቶሊብ የለበሰው ባለላስቲክ የስፖርት ሱሪ ነው። ሸሚዙን ያዘው፣ ሸሚዙ ተተረተረ። ቶሊብ ጉልበቱ ሥር ገብቶ እግሩን ያዘ፣ ክንዱን ነከሰው፣ ከመንገዱ አፈር ዘግኖ ዓይኑ ላይ በተነበት። አባቴ ሃያ ዓመት የታገለ ሰው፣ መንገድ ላይ እንደጠፋበት እንግዳ ዓይኑን እያርገበገበ ይሽከረከራል። የሁለቱም ትንፋሽ ያስጠላ ነበር። ጭብጨባ የለም፣ ከበሮ የለም፤ የሚሰማው የጫማ መፋተግና ስድብ ብቻ ነው። ትንሽ ፈራሁ።

በመጨረሻ ግን ወገቡን አገኘው። ዳሌውን ከሥሩ አስገብቶ አነሣው። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የቶሊብ ሁለት እግሮች ወደ ሰማይ ሲሄዱ አንዱ የላስቲክ ጫማው ተስፈንጥሮ ወይኑ ውስጥ ገባ። በጀርባው ወደቀ። ሁለቱም ትከሻው መሬት መታ። አባቴም አብሮት ወርዶ ሁለት እጆቹን ከአንጓቸው ላይ ይዞ አፈሩ ላይ ጫናቸው። በቀኙ ምን እንደያዘ እኔ አላየሁም። አባቴ ግን አይቶ መሆን አለበት፤ ያንን ቀኝ እጅ ነበር አጥብቆ የተጫነው።

ግራ ቀኝ አየሁ። ሐምሮ ቦቦ የሉም። ማንም የለም። ተራዬ መሆኑ ነው ብዬ እጄን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፦

«ሐላል!»

የአባቴ እጆች ተከፈቱ።

ቆመ። ደረቱን ነካ። ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ቶሊብም እጁን ያዘና ተነሣ፣ ተጠጋውም፣ ተቃቀፉ። እኔ ያየሁት ይሄንን ነው። ታረቁ ብዬ አጨበጨብኩ። የቶሊብ ቀኝ ክንድ በአባቴ ጎን አንዴ ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ፣ ጀርባውን ቸብ ያደረገው መሰለኝ። ከዚያ ቶሊብ የአባቴን ፊት አየ፣ የራሱን እጅ አየ፣ በአንድ እግሩ ጫማ ሮጠ። የተሸነፈ ሰው አፍሮ ሮጠ ብዬ ሣቅሁበት።

ዛሬ ነርስ ነኝ፤ የተወጋ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው መጀመሪያ በቡጢ የተመታ ነው የሚመስለው። አባቴም ትንሽ ቆመና ዶማውን አንሥቶ ሄደ፣ ጭቃውን ናደው፣ ውኃውን ወደ እኛ ቦይ ለቀቀው። ከዚያ ኮቱን በግራ እጁ ጎኑ ላይ ጠምዝዞ ያዘ።

«ነይ እንሂድ» አለኝ።

ቀኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ከብዶኝ ነበር። ጓደኛ ለጓደኛው እንደሚያደርገው መስሎኝ ትከሻዬን ነፋሁ። ውኃው ከጎናችን በቦዩ ከእኛ እኩል እየተጓዘ ነበር።

«አንቺ ነሽ የጮኽሽው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ! ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።» ጥቂት ሄድን። «ጥሩ ድምፅ አለሽ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ቤት ደርሰን እናቴ ኮቱን ገልጣ ስታየው፣ ትሎቹ አሉ ብላ ነው መሰለኝ፣ አልጮኸችም። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎረቤት ሮጠች። በወፍጮው የጭነት መኪና ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱት። እኔን አልወሰዱኝም። ሦስት ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅጠል ስለቅም፣ ለእያንዳንዳቸው ትግሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየኋቸው። በአራተኛው ቀን አባቴን በሰው ትከሻ አመጡት።

ልቅሶ ላይ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልጅ አያውቅም። ወንዶቹ መቀነታቸውን ከካባቸው ላይ አስረው፣ በትር ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። ሁሉም «እንዴት ሆነ? እንዴት አድርጎ?» ይባባላሉ። የሚጠይቁትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ መሐላቸው ቆምኩ።

«አባዬ አሸንፎ ነው!» አልኳቸው። «በጀርባው ጣለው! ሁለቱም ትከሻው ነካ! ዳኛ ስላልነበረ እኔ ነኝ ሐላል ያልኩት። እንዲህ!» እጄን ወደ ሰማይ አነሣሁ። «ሐላል! ስል ወዲያው ለቀቀው!»

ለቅሶው ቆመ። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። እናቴ ከመሐላቸው ተነሥታ መጣችና በጥፊ መታችኝ። መትታኝ አታውቅም ነበር። ጉንጬን ይዤ ወደ ትልቁ ክፍል መስኮት አየሁ። ትሎቹን አስደንግጬባት መሰለኝ።

ከሰዓት ሐምሮ ቦቦ መጡ። እሳቸውስ ይገባቸዋል ብዬ ጎናቸው ተጠግቼ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ቦቦ፣ እንደ እርስዎ አድርጌ ጮኽኩ።»

«ድምፅሽ ደረሰው?»

«በደንብ! ሰማሁሽ ብሎኛል።»

አሮጌው ሰውዬ ራሴን ዳበሱኝና አለቀሱ። የሥራቸውን ተተኪ ስላገኙ በደስታ ያለቀሱ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሐምሮ ቦቦ በየትኛውም ሜዳ ዳኛ ሆነው አልቆሙም። ሰው ጉሮሯቸውን ታመው ነው አለ። እኔ ደግሞ ቀንተው ነው አልኩ።

የትምህርት ቤቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ፖሊስ የአባቴን ቃል ሆስፒታል ሄዶ ተቀብሎ ነበር፤ አባቴ ራሱ ያለው፣ ጭቃ አዳልጦት ቶሊብ በእጁ በያዘው መከርከሚያ ቢላ ላይ ወደቀ ነው። ሌላ ሰው በቦታው አልነበረም ብሏል። ቶሊብም እንደዚያው አለ፤ ምን ቸገረው? ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ልጆቹ ይህን ከቤታቸው ሰምተው ለእኔ ዘፈን አደረጉት።

«ኖርሙሮድ ፖልቮንን ማን ጣለው?» ይላል አንዱ።

«ጭቃ!» ይላሉ የቀሩት።

«በስንት ደቂቃ?»

«ገና መቀነት ሳይያያዙ!»

እኔ ጸጉር ነጭቻለሁ፣ ቦርሳ ቀድጃለሁ፣ ጥርሴን ተሰብሬአለሁ። «አላዳለጠውም! አሸንፎ ነው! ሐላል ያልኩት እኔ ነኝ!» እያልኩ ሰባት ዓመት ሙሉ ተጣልቻለሁ። አንድ ቀን መምህራችን ገላግላን፣ የእኔን ስትሰማ ፊቷን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞረች፤ እስክንወጣም አልዞረችም። አመነችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ያውም ከእኔው አፍ የሰማውን፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። በእኔ ላይ የምሰክረው እኔው ነበርኩ፤ ሰው ደግሞ ምስክርነቴን አንድም ቀን ሳያነሣብኝ ያደምጠኛል።

እናቴን እጠላት ነበር። ቶሊብ ከእስር ወጥቶ በደጃችን ሲያልፍ ቀና ብላ አላየችውም፤ ድንጋይ አልወረወረችም፣ አልረገመችውም። አባቴን አዳለጠው ሲባል ዝም ትላለች። እኔንም ቢሆን ከልቅሶው በኋላ ብዙ ጊዜ ፊቴን አታየኝም ነበር፤ ጸጉሬን ስትጎነጉን እንኳ ከኋላዬ ትቆማለች። የፖልቮን ስም የማይገባት ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ።

አሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ የፀደይ አዲስ ዓመታችን በሆነው በናውሩዝ በዓል መንደራችን ትልቅ ትግል አዘጋጀ። ሐምሮ ቦቦ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ከሴቶቹ ጠርዝ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠዋቸው፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ቦይሱን ከሚባል ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ባላጋራውን አንሥቶ ጣለው፤ ጀርባው ግን አልነካም፣ በጎኑ ነው የወደቀው። የቦይሱኑ ልጅ ገና እየተጫነው ሳለ፣ ከተመልካቹ መሐል አንድ ቀልደኛ የዳኛውን ድምፅ አስመስሎ «ሐላል!» አለ።

የቦይሱኑ ልጅ እጆች ተከፈቱ። ቆመ። ደረቱን ነካ። ቀኝ እጁን ዘረጋ። የወደቀው ያንን እጅ ይዞ ስቦ፣ ጠቅልሎ፣ በጀርባው ዘረረው።

ሜዳው በሣቅ ተናጋ። ዳኛው እየተሳደበ ቀልደኛውን ያባርራል። ለሐምሮ ቦቦ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ግን ለምን ለቀቀው፣ ቦቦ? ዳኛው እኮ ምንም አላለም።»

«እጅ የማንን ድምፅ እንደሰማ አይለይም፣ ልጄ» አሉ።

ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ወደ እኔ ዞሩ። በደከመ ዓይናቸው ፊቴን ሲፈልጉት አየሁ። እሳቸው ያንን ባያደርጉ ኖሮ ምናልባት ያመልጠኝ ነበር። ሁለት እጆች አፈር ላይ ሌሎች ሁለት እጆችን ሲጫኑ፣ አጥብቀውም ቀኙን ሲጫኑ ታየኝ። ከዚያ የእኔን ድምፅ ሰማሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተነሥቼ በሕዝቡ መሐል ወጣሁ፤ ቤት እስክደርስ ማን እንዳየኝ፣ ማን እንዳናገረኝ አላውቅም።

እናቴ ማድ ቤት ለእንግዳ ካሮት ትከትፋለች።

«እማዬ፣ አባዬን አላዳለጠውም።»

«አዳልጦታል» አለች ሳትዞር።

«ይዞት ነበር። ቢላ የያዘውን እጁንም ይዞት ነበር። እኔ ነኝ…»

«አዳልጦታል አልኩሽ!»

«እኔ ስጮኽ ነው የለቀቀው።»

ቢላዋ ቆመ። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔንም ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«ፖሊሱ ወረቀቱን ይዞ አልጋው ጎን ቆሟል» አለች። «አባትሽ መተንፈስ አቅቶታል። ማን ነበር አብሮህ ሲለው፣ ማንም አለ። እንዴት ሆነ ሲለው፣ አዳለጠኝ አለ። ፖሊሱ እንኳ ቀና ብሎ አየው። እኔ በጆሮው፣ ሰውዬ አብደሃል ወይ አልኩት። ኖርሙሮድ በጭቃ ወደቀ ይባል? እስከ ሰባት ትውልድ ይሥቁብናል። ያ ውሻስ በነፃ ይሂድ?»

«ምን አለሽ?»

«ጥዬው ስለቅቀው ነው የወጋኝ ካልኩ፣ ለምን ለቀቅህ ይሉኛል አለ። ለምን ለቀቅህ ካሉኝ ልጅቷን ይጠሯታል። ዳኛ ፊት አቁመው፣ መቼ ነው የጮኽሽው፣ ከዚያ ምን ሆነ እያሉ ይጠይቋታል። በስምንት ዓመቷ ይገባታል አለ። ይሣቁ አለኝ። እኔ ምን አለኝ ከእንግዲህ፣ እሷ ገና ስንት ዓመት ትኖራለች አለ። አስማለኝ።»

«አንቺስ?» አልኳት። «አንቺ ምን አልሽ?»

ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የመጀመሪያው ነው።

«ሰባት ዓመት ዓይንሽን ማየት አልቻልኩም» አለች። «አላህ ይቅር ይበለኝ። እሱ በአንድ ትንፋሽ የማረሽን፣ እኔ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። መንደሩን ግን ቤት ለቤት ዞሬ፣ በልጆቻችሁ ይዣችኋለሁ፣ እንዳትነግሯት ብያለሁ። ልጆቻችሁ ይሥቁ፣ ይዝፈኑ፤ እውነቱን ብቻ እንዳይነግሯት። አንቺ ደግሞ በየአደባባዩ እየዞርሽ…»

አልጨረሰችውም። ጭንቅላቴን ይዛ ደረቷ ውስጥ ቀበረችኝ፤ እጇ ካሮት ካሮት ይሸታል። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ለቅሶው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሆስፒታል ውስጥ የማላውቀው ሰው ቁስል እያጠብኩ ነው።

ስለዚህ ነገር ከእናቴ ጋር የተነጋገርነው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ፊት ግን ከዚያ ወዲህ አባቴ አሸንፎ ነበር ብዬ አላውቅም።

ዛሬ የራሴ ልጆች አሉኝ። ሁለቱም ድምፃሞች ናቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ፣ በግ ተሸልሞ በትከሻው የተሸከመውን ትልቅ ሰው እያዩ፣ አያታችን እንዴት ሞተ ይሉኛል።

«አዳልጦት» እላቸዋለሁ።

«ፖልቮን ሆኖ? በምን?»

«በጭቃ።»

ይሥቃሉ። እርስ በርስ እየተገፋፉ፣ እግራቸው እንዳዳለጠው ሰው እጃቸውን እያወናጨፉ ይወድቃሉ። አልከለክላቸውም፤ አባቴ ይሣቁ ብሏል።